የጎረቤቶቼን ቤት ያየሁበት ዓመት

በፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ካውንቲ ገጠር ውስጥ ለዓመታት ስኖር የአንድም ጎረቤቴን ሳሎን አላየሁም ነበር። ሰዎቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። መንገድ ላይ ሲያልፉ እጃቸውን ያነሣሉ፤ በረዶ ሲጥል ሳልጠይቃቸው የግቢዬን መግቢያ በትራክተር ይጠርጉልኛል፤ በበጋ ቲማቲም በካርቶን አድርገው ደጃፌ ላይ ያስቀምጡልኛል። ቤት ግባ የሚል ግን የለም፤ እኔም ሳልጠራ የሰው ደጃፍ የምረግጥ አይደለሁም። ቡና ሲፈላ ልጅ ተልኮ ጎረቤት በሚጠራበት ሰፈር ላደግሁት ለእኔ፣ እዚህ የሰው ቤት ማለት ከመንገድ የሚታይ ቀለምና ጣሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በአካባቢያችን የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ማኅበር ባገለገልሁበት የመጀመሪያ ዓመት ግን የብዙዎቹን መኝታ ቤት ሳይቀር አየሁ። መታጠቢያ ቤታቸውን፣ የመድኃኒት መደርደሪያቸውን፣ ከአልጋቸው ሥር የተወሸቀውን ሁሉ አየሁ። ያየሁትን ደግሞ ለማንም መናገር አልችልም። ስለዚህ አንባቢዎቼ ከወዲሁ እወቁልኝ፦ ከዚህ በታች በማወራው ሁሉ ሰው እንዳይለይ ሰዓቱን፣ ወቅቱንና የቤቱን ሁኔታ ለዋውጫለሁ። አንድ ታሪክ ብቻ እንዳለ ነው፤ እሱንም ባለታሪኳ ፈቅደውልኝ ነው።

የገባሁት በዶሮ ነው። ማኅበሩ አንዳንድ ቅዳሜ ከጣቢያው አጠገብ ረጅም የከሰል ምድጃ ዘርግቶ ግማሽ ግማሽ ዶሮ እየጠበሰ ይሸጣል። ሰው በመኪና ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ተራዬ ሲደርስ ዶሮውን የሚገለብጠው ሽማግሌ የት እንደምኖርና ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ቤቴ ሆኜ በኮምፒውተር የሒሳብ ሥራ እንደምሠራ ነገርሁት። መቆንጠጫውን አስቀመጠና «እንዲያ ከሆነ ቀን ቀን እዚሁ ነህ?» አለኝ። አዎ አልሁት። የዶሮውን ዋጋ አልቀበልም አለ።

ሰውየው ለምን እንደዚያ እንደተደሰተ የገባኝ ቆይቶ ነው። በአሜሪካ ካሉት የእሳት አደጋ ተከላካዮች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በዋሽንግተን ወይም በአትላንታ የሚኖር ሐበሻ ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ እሱ የሚያውቀው ቀይ መኪና የመንግሥት ነው፣ ሠራተኛውም ጡረታ አለው። ገጠሩ ግን ሌላ አገር ነው። ፔንሲልቬንያ ደግሞ የዚህ ልማድ መነሻ ናት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፊላደልፊያ ውስጥ ዩኒየን የተባለውን የእሳት አደጋ ማኅበር ከወዳጆቹ ጋር ሲያቋቁም፣ የአባላቱ ቁጥር ከሠላሳ እንዳይበልጥ ተስማሙ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና ከሚቃጠል ቤት ዕቃ የሚያወጣበት ከረጢት አዘጋጅቶ መጠበቅ ነበረበት። ከስብሰባ የቀረ መቀጮ ይከፍላል፤ የመቀጮው ገንዘብም ለማኅበሩ መሰላልና ማጥፊያ መሣሪያ መግዣ ይውላል።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አባቴ አዲስ አበባ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር፤ የቀሪዎችን ስም የሚመዘግብበት ባለ ጥቁር ልባስ ደብተር ነበረው፤ መቀጮ አልከፍልም ብሎ ከእሱ ጋር የተኳረፈም ሰው ነበር። ደንብ የሚያወጣ ሰው ሁሉ፣ ፊላደልፊያም ይሁን ጉለሌ፣ ሰው ከጎረቤቱ መከራ መቅረት እንደሚወድ አስቀድሞ ያውቃል። ይህን ደግነት የሚሉት ሰዎች ደንቡን አላነበቡም።

መቀጮ ግን የሌለን ሰው አያመጣም። በፔንሲልቬንያ በ1970ዎቹ 300,000 ገደማ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች እንደነበሩ ይገመታል። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ያስጠናውና በ2018 የወጣው ሪፖርት ቁጥሩን 38,000 ገደማ አድርሶታል። ምክንያቱን ጣቢያችን ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ ይዘረዝርላችኋል፦ ድሮ አባሉ ገበሬ፣ አናጢ፣ የሱቅ ባለቤት ነበር፤ ሳይረኑ ሲጮህ ሥራውን አስቀምጦ ይሮጣል። ዛሬ ሰው የሚሠራው አንድ ሰዓት በሚያስነዳ ከተማ ነው። ሌሊት አሥር ሰው የሚመጣለት ጥሪ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ካገኘ ዕድለኛ ነው። እኔን ለሽማግሌው ውድ ያደረገኝ ጉልበቴ አልነበረም፤ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ መሆኔ ነበር።

የሥልጠናውን ወጪ ማኅበሩ ይችላል፤ ጊዜውን ግን ማንም አይችልልህም። የእሳት ማጥፋቱም የድንገተኛ ሕክምናውም ትምህርት እያንዳንዳቸው ከ150 ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ ከሥራ በኋላ ማታ ማታና ቅዳሜ። ዝርዝሩን ልለፈው። ከእሳቱ ትምህርት በአእምሮዬ የቀረው ስለ በር የተማርነው ነው። የተዘጋ በር ዘንድ ስትደርስ የእጅህን ጀርባ አስጠግተህ ሙቀቱን ትለካለህ። መጥረቢያ ከማንሣትህ በፊት እጀታውን ትሞክራለህ። ከገባህ በኋላ በሩን ወለል አድርገህ አትተወውም፤ አየር ካገኘ እሳቱ ይነሣብሃል። አስተማሪያችን አጥብቆ የሚጮኸው ስለ ሁለተኛው ነበር፤ ያልተቆለፈ በር የሚሰብር ጎረምሳ በየዓመቱ አይጠፋም ይል ነበር። በእኛ ገጠር ደግሞ በሩን የሚቆልፍ ጥቂት ነው።

እሳት አጠፋለሁ ብሎ የሚገባ ሰው የሚያጠፋው እሳት ትንሽ ነው። የጥሪ መሣሪያችን ፔጀሩ ሌሊት ሲጮህ በአብዛኛው የሚነግረን ሰው መውደቁን ነው። ከቤቴ እስከ ጣቢያው በራሴ መኪና እሄዳለሁ። መኪናዬ ላይ ሰማያዊ መብራት አለች፤ በፔንሲልቬንያ ሕግ ይህች መብራት ቅድሚያም አታሰጠኝም፣ ቀይ መብራትም አታስጥሰኝም። የፈለገ ሾፌር በትሕትና ጥግ ይይዝልኛል፤ ያልፈለገ ዞር ብሎም አያየኝም። ከጣቢያው አምቡላንሱን ይዘን እንወጣለን። የተጠራንበት ቤት ስንቃረብ ዶሮ የጠበሰልኝ ሽማግሌ፣ ሾፌራችን እሱ ነው፣ ሳይረኑን ያጠፋዋል።

መጀመሪያ ሰሞን ለምን እንደሚያጠፋው ጠየቅሁት። «ቆይ፣ ታየዋለህ» አለኝ። አየሁትም። አንድ አዛውንት ከአልጋቸው ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ በመታጠቢያ ገንዳውና በግድግዳው መካከል ወድቀው ተቀርቅረዋል። ባለቤታቸው ሊያነሷቸው አልቻሉም። የወደቁት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እኛን የጠሩን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሁለቱም ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው አሳልፈውታል፤ ሰው ላለማስቸገር። ስንገባ የሴትዮዋ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጎረቤቶቹ አይተዋችኋል?» የሚል ነበር።

ሥራው ቀላል ነው። አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ነው፤ አይነሡም፣ በቃሬዛ ይወጣሉ። ጭንቅላታቸውን ከተመቱና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደህና ቢመስሉም ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ሁለቱም ካልሆነ ደግፈን እናስቀምጣለን፣ የደም ግፊት እንለካለን፣ ሆስፒታል አልሄድም ብለው ይፈርማሉ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍለን በሽተኛ ስናጓጉዝ ነው፤ አንሥተን ወንበራቸው ላይ ላስቀመጥናቸው ሰው አንድ ሳንቲም አናገኝም። እኔ የሒሳብ ሰው ስለሆንሁ ይህ ነገር ከማንም በላይ ያንገበግበኛል፤ ከምንሠራው ሥራ ሁሉ የሚበዛውና የሚጠቅመው እሱ ነው፤ በገቢ መዝገባችን ላይ ግን የለም።

ደም ግፊቱን እየለካሁ ዓይኔ ይዞራል፤ መዞርም አለበት፤ ያየኸው ለሐኪሙ ይጠቅማል። ያልተከፈተ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ማሰሮ ወተትና የድመት ምግብ ብቻ አለ። ከውጭ አበባው የተከረከመ፣ ሣሩ የታጨደ ቤት ውስጥ ከሳሎኑ በቀር ሌላው ክፍል መግቢያ የለውም፤ ጋዜጣ እስከ ጣሪያ ድረስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዙን ተኩሶ ገበያ የሚወጣ ሰው ወንበር ላይ እየተኛ እንደሚያድር ታያለህ። በርካታ ዓመት እጅ የተነሣሣኋቸው ሰዎች በዚያች ሰዓት መንገድ ላይ ከማያቸው ሰዎች ጋር አይገጥሙልኝም ነበር።

የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ የ1996 የፌዴራል ሕግ አለ፤ ጥሰህ ከተገኘህ ያስቀጣሃል። ነገር ግን እኛን ዝም የሚያሰኘን ሕጉ አይመስለኝም። ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው ቤቱ የሬዲዮ መቃኛ አለው፤ አምቡላንሱ የትኛው መንገድ እንደሄደ ከእኛ እኩል ይሰማል። ጠዋት መደብሩ ውስጥ «ሌሊት የሄዳችሁበት ቤት ደህና ናቸው?» ይሉሃል፤ አንተ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለህ። አንዴ የሚያወራ አባል ካለ በሚቀጥለው ጊዜ የወደቀው ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይጠራም፤ እስኪነጋ ወለሉ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ዝምታችን እንደ ኦክስጅኑ የሥራው መሣሪያ ነው። ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። «ማን ቤት ነበርህ?» ትላለች ስመለስ። «ሰው ወድቆ ነው» እላለሁ። «ማን?» «ሰው።» «እኔ ደግሞ ለማን ልናገር ብለህ ነው!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

በኋላ እኔም ዶሮ ገልባጭ ሆንሁ። ሌሊት ያነሣናቸው አዛውንት ቅዳሜ ከሰልፉ ውስጥ ይመጣሉ። ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ሁለት ግማሽ ዶሮ ይገዛሉ፣ ሃያ ዶላር ይሰጣሉ፣ መልሱን ሳጥኑ ውስጥ ይከቱታል። ከሁለታችን አንዳችን እንኳን አንድ ቃል አንተነፍስም። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአጠገቤ ያለው ሰው ምንም አላየም። ሰው ከእኔ ጋር ይህን ያህል ተቀራርቦ ይህን ያህል ዝም ሲል አገሬም አላውቀውም።

በክረምቱ መጨረሻ ደግሞ ታላቁ የጨረታ ቀን አለ። በላንካስተር ያሉ ማኅበራት በየካቲትና በመጋቢት ገደማ፣ በረዶው ቀልጦ ሜዳው ጭቃ ሲሆን፣ አሚሾች (መኪና የማይነዱ፣ በጥንቱ ልማድ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው) በእጃቸው የሰፉትን የአልጋ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ፈረስ፣ ጋሪ ሳይቀር በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገቢው ለማኅበሩ ይውላል። አዲስ የእሳት አደጋ መኪና ዛሬ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ስለሚጠጋ የአልጋ ልብስ መስፋት ቀልድ አይደለም። ጨረታው ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቅብኛል። የዶሮ ሾርባ በግዙፍ በርሜል አማስላለሁ፣ ጨው ይብቃው አይብቃው ግን ሌላ ሰው ይቀምስልኛል። የወጥ ቤቱ ሴቶች ነገሩ ከገባቸው በኋላ ቅቤ ያልተቀባ ትኩስ ፕሬዝል፣ የተጠማዘዘ ዳቦ ነው፣ ለብቻ በወረቀት ጠቅልለው፣ ማንም እንዳይነካው ስሜን ጽፈውበት አስቀመጡልኝ። ስሜን የጻፉት ተሳስተው ነው፤ ማንም ግን አልነካውም።

ስለ አሚሾች ብዙ ሰው የሚያውቀው ፈረስ ጋሪያቸውንና ጥቁር ኮፍያቸውን ነው። ከእኛ ጋር እሳት እንደሚያጠፉ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንዱ ጓደኛዬ ጥሪ ሲመጣ በእግር በሚገፋ ስኩተር እየበረረ ወደ ጣቢያ ይደርሳል። መኪናውን አይነዳም፤ ይሳፈራል። ጢሙ የአየር ጭምብሉን ስለማያስገጥምለት ወደ ጭሱ አይገባም፤ ቱቦ ሲዘረጋና ውኃ ሲያደራጅ ግን እንደ እሱ ያለ አላየሁም። ቤታቸው ስልክ የለም፤ ስልኩ ከቤት ራቅ ብሎ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ችግር ሲደርስ አንድ ሰው በጨለማ ወደዚያች ጎጆ ይሮጣል። እኛም ስንደርስ የሚበራ አምፖል ስለሌለ የእጅ ባትሪ ይዘን እንገባለን። አንድ ጊዜ ከደረጃ የወደቀ ትንሽ ልጅ ዘንድ ተንበርክኬ የት እንዳመመው ብጠይቀው ዝም ብሎ ያየኛል። አሚሽ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ የሚናገሩት የራሳቸውን የጀርመን ዘዬ ነው። ጓደኛዬ በልጁ ቋንቋ ሁለት ቃል ሲለው ልጁ ክንዱን አሳየኝና አለቀሰ። እንግሊዝኛ የማያውቅ አሜሪካዊ ፊት ተንበርክኬ እኔ በእንግሊዝኛ ስጠይቅ! አሜሪካ እንደገባሁ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ በጣቴ ሆዴን ያሳየሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

ትልቁ እሳታችን የድርቆሽ ጎተራ ነበር። ድርቆሽ በደንብ ሳይደርቅ፣ ከሃያ በመቶ በላይ እርጥበት እንደያዘ ከታሰረ ከውስጥ ይግላል፤ ከሳምንታት በኋላም ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ገጠር ውስጥ ከመሬት የሚወጣ የውኃ መስመር የለም። መኪናችን የሚይዘው 1,000 ጋሎን፣ 3,800 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ቱቦ በደቂቃ 150 ጋሎን ሲተፋ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ከየአካባቢው ማኅበር የተጠሩ ቦቴዎች ከኩሬ እየቀዱ ይመላለሳሉ፤ መሬት ላይ የሚዘረጋ ተጣጣፊ ገንዳ ውስጥ እየገለበጡ ይመለሳሉ። ጎተራውን አላዳንነውም። ቤቱንና ከብቶቹን አተረፍን። ሲነጋ የሰፈሩ ሴቶች ለሁላችን ቁርስ ይዘው መጡ፤ ወንዶቹ ደግሞ ፍሙ ሳይበርድ አዲሱ ጎተራ ስንት ግንድ እንደሚፈልግ ማስላት ጀመሩ።

በጣቢያችን ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ መልሴ ከሚጠብቁት ያጠረ ነው። ሰው ሕመም ሲጠናበት የእጄን ቀለም አያይም። አንድ ሰው ብቻ፣ ደረቱን ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔን አልፎ ወደ ሾፌሩ እያየ «ሌላኛው ይምጣልኝ» አለ። ሽማግሌው ቦርሳውን ከፍቶ መሣሪያውን እያቀበለኝ «ሌላ የለም፤ እሱ ነው» አለው። ክንዱን ዘረጋልኝ። የደም ግፊቱ ከፍተኛ ነበር፤ የእኔም ቢለካ ያን ያህል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ስለ ፒትስበርግ ማንበብ የጀመርሁት። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ የአሜሪካ ቦታዎች በሽተኛ የሚያመላልሰው አንድም የአስከሬን መኪና ያለው ቀባሪ ድርጅት ነበር፤ አለዚያም ፖሊስ። ሕክምና የሚሰጥ አምቡላንስ ምን መምሰል እንዳለበት ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ በዚሁ በፔንሲልቬንያ፣ ፒትስበርግ ውስጥ በ1967 የተመሠረተው ፍሪደም ሀውስ ነው። ዶክተር ፒተር ሳፋር ያሠለጠኗቸው ሰዎች ሂል ዲስትሪክት ከተባለው የጥቁሮች ሰፈር የመጡ፣ አብዛኞቹም ሥራ አጥ ይባሉ የነበሩ ናቸው። ከተማው በ1975 የራሱን አገልግሎት ሲያቋቁም እነሱ ተዘጉ። ይህን ክፍል ውስጥ አላስተማሩኝም። ለሾፌሩ ስነግረው እሱም አያውቅም ነበር፤ በሚቀጥለው ሥልጠና ቀን ለሁሉም ንገር ብሎ አሥር ደቂቃ አስያዘልኝ።

አሁን ስለ ሜኖናይቷ አዛውንት። ሜኖናይቶች ከአሚሾች ጋር አንድ ሥር ያላቸው ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ላንካስተርም የእነሱ አገር ነው፤ በንጉሡ ዘመን ናዝሬትና ደደር ሆስፒታል የከፈቱት፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ጅማሬ ያገዙት ሚስዮናውያን ብዙዎቹ ከዚህ የሄዱ ናቸው። ይህን በወሬ አውቅ ነበር። አንድ ጠዋት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊት ዘንድ ተጠራን። ቃሬዛውን እያዘጋጀሁ በእንግሊዝኛ አገሬን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ሕመሙ ፊታቸውን ጨምድዶት ሳለ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እጄ ላይ የነበረው ማሰሪያ ወደቀ። «አይዞህ» አሉኝ ቀጥለው። እሳቸው ናቸው ዳሌያቸው የተሰበረው!

ነርስ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ደደር ሠርተዋል። አምቡላንሱ ውስጥ እስከ ሆስፒታል ድረስ በተሰባበረና በሚያምር አማርኛ አወሩኝ። እዚያ በሽተኛ ከተራራው በቃሬዛ ይወርድላቸው እንደነበር ነገሩኝ። «አራት ሰው ተሸክሞ፣ ብዙ ሰው ተከትሎ። ደክሞት የሚያወርድ የለም፤ ትከሻ ይቀያየራሉ። ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ሁሉም ይገባል፤ ማስወጣት የእኔ ሥራ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔና ወደ ሾፌሩ እያዩ በእንግሊዝኛ «እኔን የተከተለኝ ሁለት ሰው ነው» ብለው ሳቁ። ከወራት በኋላ ቤታቸው ሲመለሱ ባለቤቴ ሽሮ ሠርታ ይዘንላቸው ሄድን። በእንግድነት የገባሁበት የመጀመሪያው የአካባቢያችን ቤት ያ ነው። ታሪካቸውን ጻፍ ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ «አማርኛዬን አሳምረህ ጻፈው» በሚል ትእዛዝ።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ከሆስፒታል ውጭ ልቡ የቆመ ሰው ድኖ ከሆስፒታል የሚወጣው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ነው። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ደረቱን ትጫናለህ፤ የጎድን አጥንት ሲሰበር በመዳፍህ ይሰማሃል፤ አታቆምም። ፈንታኒል የተባለው አደንዛዥ ዕፅ ትንፋሹን ያቋረጠበት ወጣት በአፍንጫው ማርከሻው ናሎክሶን ሲነፋለት ነቅቶ ይሰድብሃል፤ ደስ ብሎህ ትሰደባለህ። ሌሎቹ አይነቁም።

በአንድ ቤት ሐኪሙ በስልክ ደረት መጫኑን አቁሙ ካለን በኋላ፣ የሟቹ ሚስት የወጥ ቤቱን በር ተደግፈው ቆመው ነበር። አላለቀሱም። ዝም ብለው ቆዩና «ቡና ላፍላላችሁ?» አሉን። አላስፈላጊ ትሕትና መስሎኝ አይ አመሰግናለሁ ልል ስል ሾፌሩ ቀደመኝ፤ «እሺ፣ ደስ ይለናል» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጃቸው ከሌላ ክፍለ ግዛት እስክትደርስ ድረስ በሥራ ልብሳችን ጠረጴዛቸውን ከበን ቡና ጠጣን፤ ሟቹ ባላቸው ከጎን ባለው ክፍል አንሶላ ለብሰዋል። እኛ ዘንድ ቢሆን እስኪነጋ ግቢው ሰው ይሞላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሴትዮዋም በሰው እጅ ናቸው። እዚህ ለቀስተኛ የሆንነው ደንብ ልብስ የለበስን ጥቂት ሰዎች ነን። አምቡላንሳችን ያን ያህል ሰዓት ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን ሾፌሩ በሬዲዮ አሳወቀ፤ ምክንያቱን አልተናገረም፤ የጥሪ ማዕከሉም አልጠየቀም።

ዓመቱ ሲያልቅ ማኅበሩ ከባድ አጀንዳ ይዞ ተሰበሰበ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለቀኑ ፈረቃ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሠራተኞች እንቅጠር፣ ገንዘቡንም ከንብረት ግብር ላይ እንጠይቅ የሚል ሐሳብ ነው። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ እኔው አቀረብሁት። ከዶሮና ከአልጋ ልብስ የሚገኘው ገንዘብ የት ድረስ እንደሚያዘልቀን፣ ባለፈው ዓመት ቀን ቀን ስንት ጥሪ ወደ ሌላ ማኅበር እንደተላለፈ አሳየሁ። በጎ ፈቃድ ቅዱስ ነገር ነው እየተባለ ወለል ላይ የወደቀ ሰው አርባ ደቂቃ መጠበቅ የለበትም አልሁ፤ አሁንም እላለሁ።

ሽማግሌው ሾፌር ተቃወመኝ። ድምፁን ሳያነሣ ተነሥቶ «የሚከፈለው ሰው ከሌላ ቦታ ይመጣል። የማን ቤት እንደገባ አያውቅም» አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

«ብዙ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው» አልሁት። እኔ የገባሁባቸው ቤቶች ውስጥ ያሉ ሰዎች ከሕመማቸው እኩል የሚፈሩት የሚያውቃቸው ሰው እንደዚያ ሆነው እንዲያያቸው ነው። አንዳንዶቹ ፊት ለፊታቸው የቆምሁት እኔ፣ ዘመድ የሌለኝ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የማልሄድ፣ አጎታቸውን የማላውቅ ሰው በመሆኔ ትከሻቸው ሲላላ አይቻለሁ። ለእነሱ ባዕድነቴ ዕረፍት ነበር። ለባሏ ሞት ቡና ያፈላችው ሴት ደግሞ የሚያውቃት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ያንን የሰጣት ሽማግሌው ነው፣ እኔ ግን ልነሣ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ጉባኤው ፊት አልተናገርሁትም፤ ቤቱ ይታወቃላ።

ሐሳቡ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ሽማግሌው እጁን በተቃውሞ አውጥቶ ካበቃ በኋላ፣ አዲሶቹን ሠራተኞች የሚመርጠው ኮሚቴ ሲዋቀር በፈቃዱ ገባ፤ መንገዱንና ቤቱን የማያውቅ ሰው ያለ እኔ ማን ያሠለጥነዋል ብሎ። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ነኝ። እስካሁን የተስማማነው ስብሰባው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲሆን ብቻ ነው፤ እሱም ሌላው አባል ሥራ ላይ ስለሆነ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን እንከራከራለን።